ጽጌረዳዋን ማን አበቀላት?

በመስከረም ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ ወጣ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ይቆያችኋል። አደይን የዘራት የለም፤ ያጠጣትም የለም፤ ለእሷ ብሎ ከባንክ የተበደረም የለም። ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች፣ መስቀል አልፎ ትንሽ ከቆየች በኋላ ትሄዳለች፣ በቃ።

አሁን ደግሞ ሌላ አበባ አስቡ። ሆለታ አካባቢ፣ በላስቲክ ጣሪያ ሥር፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠች ጽጌረዳ። ማታ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ትደርሳለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አውሮፓ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ደጃፍ ላይ፣ ከእህቶቿ ጋር ታስራ ውሃ ውስጥ ቆማ ገዢ ትጠብቃለች። ይህችኛዋ እንደ አደይ በራሷ ጊዜ የመጣች አይደለችም።

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። የሆለታ ፀሐይ ከሺህ ዓመት በፊትም ነበረች። ቀዝቃዛው ሌሊትም፣ ከፍታውም ነበር። ታዲያ ኢትዮጵያ ጽጌረዳ በብዛት ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው ለምን በ2000ዎቹ ሆነ? (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ለምን በ1960 ወይም በ1980 አልሆነም?

መልሱን አፈሩ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። መልሱ ያለው በስብሰባ አዳራሾች፣ በብድር ውሎችና በነጋሪት ጋዜጣ ገጾች ላይ ነው። የአበባ ንግድ ታሪክ ማለት በአብዛኛው ማን ምን ጠየቀ፣ ማንስ መለሰለት የሚል ታሪክ ነው። ሳይጠየቅ የቀረውስ ማን ነው? እሱንም እናያለን።

መጀመሪያ የተፈጥሮ ድርሻ

ተፈጥሮ ምንም አላደረገችም እያልኩ አይደለም። ጽጌረዳ ብርሃን ትወዳለች፤ ሙቀት ሲበዛባት ግን ትቸኩላለች። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ካለ ቀስ ብላ ታድጋለች፤ እምቡጧም ለመወፈር ጊዜ ያገኛል። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዝዋይ (ባቱ) ደግሞ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ። ስለዚህ ከሆለታ የሚወጣው ጽጌረዳ እምቡጡ ትልቅ ይሆናል። ዝዋይ ላይ እምቡጡ አነስ ይላል፤ ግን ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙ ዘንግ ይቆረጣል። ሁለቱም ገዢ አላቸው።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀናችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን በዲሴምበር የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት እንኳን አይሞላም። እዚያ በክረምት ጽጌረዳ ማብቀል ማለት መብራት ማብራትና ቤት ማሞቅ ማለት ነው፤ ወጪው ይከብዳል።

ችግሩ የሚመጣው አበባው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የተቆረጠች ጽጌረዳ አልሞተችም፤ ትተነፍሳለች። ስትተነፍስ ያጠራቀመችውን ስኳር ታቃጥላለች። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ትንፋሿ ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ ዕድሜዋም በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ እርሻው ላይ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ መንገድ ላይ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና፣ ቦሌ ላይ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ከዚያም በሰዓቱ የሚነሳ የጭነት አውሮፕላን ያስፈልጋል። ከሰንሰለቱ አንዱ ከተበጠሰ አበባው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ደግሞ አንድ አምራች ብቻውን ሊገነባው አይችልም። እንግዲህ የፖሊሲው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ድር ቢያብር፦ የአልስሜር ሰዓት

ከአምስተርዳም ብዙም ሳይርቅ አልስሜር የምትባል ከተማ አለች። ከመቶ ዓመት በፊት የአልስሜር አበባ አምራቾች አንድ ራስ ምታት ነበረባቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ከነጋዴ ጋር ይደራደራል፤ አበባ ደግሞ እስከ ነገ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን እንዳሻው ይቆርጥ ነበር።

በ1911 እና በ1912 አምራቾቹ ተሰባስበው ሁለት የጨረታ ማኅበራት አቋቋሙ። በደች ጨረታ ዋጋው እንደለመድነው ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ትልቅ ሰዓት የመሰለ ሰሌዳ ላይ ዋጋው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቁልፉን የተጫነ ገዢ በዚያ ዋጋ ይወስዳል። ትንሽ ልቆይ ያለ ገዢ አበባው ያመልጠዋል። በዚህ ዘዴ አንድ ጨረታ በሴኮንዶች ያልቃል፤ አበባውም ሳይጠወልግ ይሸጣል። ሁለቱ የአልስሜር ማኅበራት በ1968 ተዋሐዱ። የዛሬው ሮያል ፍሎራሆላንድም አሁን ድረስ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

የዓለም አበባ የሚሰበሰብበት ገበያ የተወለደው እንዲህ ነው፤ የተበተኑ አምራቾች አንድ ላይ ሆነው «ደንቡ ይቀየር» በማለታቸው።

የአንድ ተማሪ ወረቀት

በ1967 አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዴቪድ ቺቨር የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ አንድ ጥናት ጻፈ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ለዓለም ገበያ የሚሆን አበባ የት ቢበቅል ይሻላል? የጠቆመው የኮሎምቢያዋን ዋና ከተማ ቦጎታን ነው። 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ለጥ ያለ ሜዳ፣ አጠገቡ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቺቨርና ጓደኞቹ እዚያው ቦጎታ ፍሎራሜሪካ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ካርኔሽን መላክ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከአየር ጠባይ ወደ ሕግ ዞረ። የአሜሪካ አበባ አምራቾች ገበያቸው ሲሸረሸር ዝም አላሉም። በ1980ዎቹ «ኮሎምቢያ ከዋጋ በታች እየሸጠችብን ነው» ብለው ለመንግሥታቸው አቤት አሉ፤ ተጨማሪ ቀረጥም አስጣሉ። የኮሎምቢያ አምራቾችም ከ1973 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸውና ተከራከሩ። በ1991 የአሜሪካ ምክር ቤት ለአንዲስ አገሮች የንግድ እፎይታ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ አበባ መውደድ አልነበረም፤ ገበሬው ኮካ ከማብቀል ወደ ሌላ ምርት እንዲዞር ነው። ኮኬይን የሚሠራው ከኮካ ቅጠል መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚያ ሕግ አበባ ያለ መደበኛው ቀረጥ አሜሪካ ገባ። ዛሬ ኮሎምቢያ በአበባ ላኪነት ከኔዘርላንድስ ቀጥላ ትጠራለች።

አያችሁ? የቦጎታ አየር አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

ቡና ሲረክስ

ወደ እኛ እንምጣ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ በዴንማርክ ኩባንያ አማካይነት ጀምራ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ዳርቻ ላይ ትልቅ የአበባ ንግድ ገንብታ ነበር። በኢትዮጵያም በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ሜዳ ላይ የሚበቅሉ አበቦችን ወደ አውሮፓ ልከዋል፤ ግን መጠኑ ትንሽ ነበር። በ1990ዎቹ ጥቂት የግል ባለሀብቶች ሞከሩ። በ2000 ገደማ ደግሞ ጎልደን ሮዝ የተባለው ኩባንያ ተፍኪ ላይ በብረት የቆመ ዘመናዊ ግሪንሃውስ ሠርቶ ጽጌረዳ ተከለ። ጽጌረዳው በቀለ፤ ተሸጠም።

ታዲያ ሌላው ለምን ወዲያው አልተከተለም? ሦስት ነገር ያዘው፦ መሬት፣ ገንዘብና አውሮፕላን። በተለይ የአውሮፕላኑ ነገር «እንቁላል ትቅደም ዶሮ» ዓይነት ነው። በቂ አበባ ከሌለ የጭነት አውሮፕላን አይመደብም፤ አውሮፕላን ከሌለ ደግሞ አበባ የሚተክል ሞኝ የለም።

በዚያው ሰሞን የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። የውጭ ምንዛሬዋን በአብዛኛው ከቡና የምታገኝ አገር ምን ያህል እንደደነገጠች መገመት አያቅታችሁም። መንግሥት ሌላ የሚላክ ነገር ሲፈልግ፣ ጥቂት የአበባ አምራቾች ደግሞ በ2002 ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር መነሻው ይህ ነው። ጠያቂው ችግሩን ይዞ መጣ፤ ተጠያቂውም ቸግሮት ስለነበር አዳመጠ።

መልሱ ፈጣን ነበር። ለአውሮፕላን ማረፊያ ቀረብ ያለ መሬት በዝቅተኛ ኪራይ ተሰጠ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 70 በመቶ አበደረ፤ ባለሀብቱ 30 በመቶ ካቀረበ ፕሮጀክቱ ራሱ መያዣ ይሆንለት ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት የግብር እፎይታ ተፈቀደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ስለሆነ የጭነቱን ነገር ማስተካከል ተቻለ። በ2006 ደግሞ አዲስ የዕፅዋት ዝርያ ለሚያዳቅሉ ሰዎች መብት የሚሰጥ አዋጅ ወጣ። የውጭ አዳቃዮች አዲሶቹን የጽጌረዳ ዝርያዎች ለመስጠት እንዲህ ያለ የሕግ ዋስትና ይፈልጉ ነበር። ከውጭም አንድ በር ተከፍቶ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 በልማት ወደኋላ ለቀሩ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ምርታቸውን ሁሉ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ፈቅዷል።

ውጤቱስ? የአበባ ገቢ ከምንም ተነስቶ በ2007/08 በጀት ዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆነች። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አገኙ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ግን አልተሳካለትም። ብድሩን መመለስ አቅቶት በባንክ እጅ የወደቀ እርሻም ነበር። ድጋፍ ማለት የተረጋገጠ ትርፍ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ስብሰባው ላይ ያልነበሩት

እስካሁን የነገርኳችሁ ግማሹን ታሪክ ነው። አምራቾች ማኅበር ነበራቸው፤ ባለሥልጣን ቢሮ ገብተው ተናገሩ፤ ተሰሙ። ስብሰባው ላይ ያልነበሩ ግን ነበሩ።

አንደኛው መሬቱን ያርስ የነበረ ገበሬ ነው። በ2005 በወጣው የካሳ አዋጅ መሠረት፣ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ካሳው ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘው ዓመታዊ ገቢ በአስር ተባዝቶ ይሰላ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ማሳው ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ይመግባል፤ ካሳው ግን የአስር ዓመት ነበር። የሚሰላውም ባለፈው ዋጋ ነበር፤ ጤፍ ደግሞ በየዓመቱ ይወደዳል። በ2019 በወጣው አዲስ አዋጅ አስሩ ወደ አሥራ አምስት ከፍ ማለቱ ራሱ የቀድሞው እንዳልበቃ ይነግረናል። በ2016ቱ ተቃውሞ ወቅት ባሕር ዳር አካባቢ የአበባ እርሻ ሲቃጠል ብዙ ሰው ደነገጠ። ተቃውሞው ስለ አበባ ብቻ አልነበረም፤ ግን የመሬት ቅሬታ ውስጥ ለውስጥ ሲብላላ መቆየቱ የታወቀ ነው።

ሁለተኛዋ ሠራተኛዋ ናት። ጽጌረዳ የምትቆርጠው፣ በማሸጊያ ቤት የምትለየውና የምታስረው ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ሴት ናት። ሥራው ለብዙዎች በእጃቸው የገባ የመጀመሪያው ደመወዝ ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ዝዋይ ላይ የአበባ ኩባንያ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እስከ መሥራት ደርሷል። ግን ግሪንሃውስ ውስጥ ፀረ ተባይ ኬሚካል ይረጫል፤ ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ሳይገቡ መቆየት እንዳለባቸው፣ ጓንትና ጭንብል ማን እንደሚገዛ፣ ደመወዙ ከስንት ማነስ እንደሌለበት የሚወስነው ደንብ ነው። ደንቡ ሲረቀቅ ደግሞ የምትቆርጠዋ ሴት ወንበር አልነበራትም።

ሦስተኛው ሐይቁ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ እንደ ትሪ ነው፤ ትንሽ ሲቀነስለት ዳርቻው ይሸሻል፣ ትንሽ ማዳበሪያ ሲገባበት ቶሎ ይበከላል። መቂና ቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ በቡልቡላ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። ስለዚህ ዝዋይ ላይ የሚቀዳው ውሃ አቢጃታ ላይ ይጎድላል። ውሃውን የሚቀዳው የአበባ እርሻ ብቻ አይደለም፤ የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቹም፣ ከተማውም ይቀዳል። ዓሣ አጥማጁም ኑሮው እዚያው ነው። ሐይቅ ደግሞ ማመልከቻ አይጽፍም።

ታዲያ እነዚህ ሦስቱ ፈጽሞ ሳይሰሙ ቀሩ? አይደለም፤ ዘግይተው ተሰሙ። የተሰሙበት መንገድም ያስገርማል። አውሮፓ ውስጥ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ስለ ኬሚካልና ስለ ሠራተኛ አያያዝ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ሱፐርማርኬቶች «ማረጋገጫ አምጡ» አሉ። ገበያው እንዳያመልጠው የሰጋው የአምራቾቹ ማኅበር በ2007 የራሱን የአሠራር ደንብ አወጣ፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚል ደረጃ ያለው። በመጀመሪያ የፈለገ የሚገባበት ነበር። በ2011 ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 207 የአሠራር ደንብን ለዘርፉ ግዴታ አደረገው። የሠራተኛ ማኅበራትም ቀስ በቀስ ወደ እርሻዎቹ ገብተው የኅብረት ስምምነት መፈራረም ጀመሩ። የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የዝቅተኛ ደመወዝን ጉዳይ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ብድሩና መሬቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሰጠ። የጓንቱና የውሃው ጉዳይ ከዓመታት በኋላ መጣ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ጠያቂው ሩቅ አገር ያለ ገዢ ሆኖ። የዘገየው ጥያቄው ስለሚከብድ አይደለም። ቀድሞ የተደራጀው ቀድሞ ስለተሰማ ነው።

ዛሬም ደንቡ ይቀየራል

ታሪኩ አላለቀም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ የሚገባ ጽጌረዳ ላይ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ጀምሯል። ምክንያቱ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ናት። አባጨጓሬዋ እምቡጡ ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ከውጭ አይታይም። አውሮፓውያን ይህች ነፍሳት የብርቱካንና የቃሪያ ማሳቸው ውስጥ እንዳትገባ ይፈራሉ። ላኪው እንግዲህ እያንዳንዱን እርምጃ መመዝገብ አለበት፤ ከመረብ እስከ ወጥመድ፣ ከፍተሻ እስከ ማሸጊያ። የላኪ አገሮች ማኅበራትም ደንቡ ሊሠራ የሚችል እንዲሆን ሲከራከሩ ከረሙ። ያልተደራጀ አገር ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነበር።

ሌላው ጉዳይ ጉዞው ነው። አውሮፕላን ውድ ነው፤ ብዙ ነዳጅም ያቃጥላል። ኮሎምቢያና ኬንያ አበባን በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በመርከብ መላክ ጀምረዋል። የባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ ይህ ተራ የትራንስፖርት ምርጫ ሳይሆን የወደብ፣ የባቡርና የዲፕሎማሲ ጥያቄ ይሆናል። አሁንም ከአፈሩ ይልቅ የሚወስነው ጠረጴዛው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አበባ እርሻ ዜና ስትሰሙ፣ «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተገኘ» የሚለው ቁጥር ላይ ብቻ አትቁሙ። ይህን ደንብ የጠየቀው ማን ነው በሉ። ሳይጠየቅ የቀረውስ? እሱ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይል ነበር?

የቦጎታን ዕጣ የጠቆመው ወረቀት የአንድ ተማሪ ወረቀት እንደነበረም አትርሱ። እሱ የጠየቀው አበባ የት ቢበቅል እንደሚሻል ነው። የዝዋይ ውሃ በዓመት ስንት ጣት እንደሚወርድ የሚለካ፣ ካሳ የተከፈለው ገበሬ ከአስር ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ፣ ከተረጨ በኋላ ሠራተኞች ስንት ሰዓት ቆይተው እንደሚገቡ የሚመዘግብ ተማሪም ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጠፋባችሁ አስታውሱት። አደይ ማንንም ሳትጠይቅ ትበቅላለች፤ ጽጌረዳዋ ግን ጠያቂ ትፈልጋለች።